ዝናብ አዘንባለሁ ያልኩ ዕለት

የአረቄ ማውጫ ማሰሮ ተሸክሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዕለተ ጁምዓ፣ ሰዉ ሰግዶ ሲወጣ መስጊድ ደጃፍ ላይ ተገትሬ አውቃለሁ። ልብ በሉልኝ፣ አረቄ አልጠጣም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ አረቄ አልጠጣም ማለት ራሱን የቻለ ሌላ ወግ ይወጣዋል፤ ዘመዶቼ እስከ ዛሬ አንዳች የተደበቀ ሕመም ቢኖርበት ነው እያሉ ያዝኑልኛል። እንግዲህ አንዲት ጠብታ ሳልቀምስ ሆሳዕና በሙሉ "ልጁ ለየለት" ያለኝን ዕለት ላውራችሁና ይውጣልኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ፣ ፀጉሬን በቅባት አስተኝቼ፣ ከረባት አስሬ ሆሳዕና ስገባ፣ ገና ከመኪና እንደወረድኩ የከተማዋ ጭቃ አንድ ጫማዬን ተቀበለኝ። ጎንበስ ብዬ ስጎትት የሚስቁትን ሰዎች አየሁና "ምስኪኖች፣ ሳይንስ ቢማሩ ኖሮ አይስቁም ነበር" አልኩ በሆዴ። ሳይንስንና የጫማ መዋጥን ምን እንደሚያገናኛቸው ዛሬም አልገባኝም። ያኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ፤ እኔ የማውቃትን ጥቂት ነገር የሚያውቅ ሌላ ፍጡር በአውራጃው ያለ አይመስለኝም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ማሰሮ ቢሸከም ሲያንሰው ነው።

ጠዋት ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስላልነበረኝ በዋናው መንገድ ላይ እየተንጎራደድኩ ሰዉ ሰላም እንዲለኝ ዕድል እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ በመንጎራደድ ላይ ሳለሁ ሼህ ኑሩ አስቆሙኝ። ሼህ ኑሩ የመድረሳው ኃላፊ ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሽማግሌ። መስጊዱ ጎን ባለው ቆርቆሮ ቤት የነጋዴዎቹ ልጆች ቁርኣን ይቀሩበታል፤ አማርኛና ሒሳብም ከተጀመረ ሰንበትበት ብሏል።

"መምህር" አሉኝ፣ "ልጆቼ ቂርኣቱን አልሐምዱሊላህ ይዘውልኛል። ለሚኒስትሪ ፈተና ሲቀመጡ ግን ያ ወረቀት፣ ቅጠል ምን ተመግቦ ያድጋል እያለ ያፋጥጣቸዋል። ቅጠሉን ማን እንደፈጠረው እኔ አስተምሬአቸዋለሁ። ምን እንደሚበላ አንተ ንገርልኝ።"

እንዴት እንቢ ይባላል? በማግስቱ ጀመርኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህራን ወዲያው "ሼህ መምህር" የሚል ስም አወጡልኝ። ወሬው በመኪና ተሳፍሮ ደብረ ብርሃን ደረሰና እናቴ አጎቴን ላከችው። አጎቴ ሁለት ቀን መንገድ ተንገላትቶ መጥቶ፣ አንገቴ ላይ ማተቤን በጣቱ ፈልጎ አገኘና፣ ምሳ እንኳ በቅጡ ሳይበላ ተመልሶ ሄደ።

ትምህርቱን እንደ ጀመርን ግን እኔው ራሴ ጣጣ ይዤ መጣሁ። ስለ ቤት እንስሳት ላስተምር ከፈረንጅ አገር የመጣ ባለ ሥዕል ሰሌዳ ተሸክሜ ገባሁና ግድግዳው ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ላም አለ፣ በግ አለ፣ ዶሮ አለ፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ የደለበ አሳማ ለመድረሳው ተማሪዎች ፈገግ ብሎ ቆሟል። ልጆቹ "ኡኡ!" ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ደንግጬ አሳማውን በጀርባዬ ጋርጄ ስለ ላም ጥቅም አስተማርኩ፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ዞር ባልኩ ቁጥር አሳማው ብቅ ይላል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እኔም ተመልሼ እለጠፍበታለሁ። ጩኸቱን ሰምተው ሼህ ኑሩ ገቡ። ሥዕሉን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"መምህር፣ ዘወር በልለት" አሉ። "አትብሉት ተባልን እንጂ አትዩት አልተባልንም። እሱንም የፈጠረው አላህ ነው።" ከዚያም ጢማቸው ውስጥ እየሳቁ ወጡ። እኒህን ሰውዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ዘይነባ የምትባል ልጅ ነበረች። ለመጠየቅ እጇን ስታወጣ እኔ ቀድሜ ውኃ እጠጣለሁ። "መምህር፣ ቅጠል ፀሐይ ካስፈለገው ጥላ ሥር ያለው እንሰት እንዴት ይወፍራል?" "መምህር፣ መሬት የምትዞር ከሆነ የአባቴ ሱቅ ለምን ሁልጊዜ በዚያው በኩል ነው?" አንዳንዱን እመልሳለሁ፣ አንዳንዱን "ነገ እንደርስበታለን" እላለሁ፤ ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ሳገላብጥ አመሻለሁ። ማስተማር መቼም በጣም ደስ የሚለው እንዲህ ያለች አንዲት ልጅ ስትኖር ነው። ደግሞም የሚያስፈራው።

አባቷ ሐጂ ከድር ይባላሉ። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው በሆሳዕና ገበያ የጨውና የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ ቁመታቸው ከበራቸው የሚበልጥ፣ ነጭ ጥምጥማቸው ከሩቅ የሚታይ ሰው ናቸው። የመድረሳው ጣሪያ ቆርቆሮ የእሳቸው ስጦታ ነው። ስለዚህ እሳቸው ተቆጥተው ከሄዱ ጣሪያው አብሯቸው የሚሄድ ይመስለን ነበር።

ታዲያ አንድ ሰሞን ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ አስተማርኩ። ውኃ ከሐይቅና ከወንዝ ይተናል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በዚያው ምሽት የሐጂ ከድር ቤተሰብ ራት ላይ ሳለ ዝናብ ወረደ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አዘነበልን" አሉ። ዘይነባ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አባ፣ ይኼ እኮ ድሮም እኛው ዘንድ የነበረ ውኃ ነው!"

በማግስቱ ሐጂ ከድር መድረሳው ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። እኔ ስገባ ሰላምታዬን ሳይቀበሉ ወደ ሼህ ኑሩ ዞሩ።

"ሼሃችን፣ ዝናብ የአላህ ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ይኼ ልጅ ገና አልተወለደም። ዛሬ ልጄ ከወንዝ ነው የሚመጣው ትለኛለች። ነገ ደግሞ እኔን ከየት ነው የመጣኸው ልትለኝ ነው። ከዳምቦያ የመጡ ሽማግሌዎች ልጄን ለልጃቸው ጠይቀውኛል፣ ትምህርቷን ትጨርስ ብዬ መልስ አልሰጠኋቸውም ነበር። ዲኗን የሚያበላሽባት ከሆነ ግን ምን አስጠበቀኝ? እድራታለሁ።"

ዘይነባ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ያች ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ደብተሯን አጣጥፋ ደረቷ ላይ አቀፈችው። እኔ በከረባቴ የማጌጥባት ሳይንስ ለካ ለዚህች ልጅ ገና በልጅነት በመዳርና ባለመዳር መካከል የቆመች አጥር ናት።

ሼህ ኑሩ ቀስ ብለው ተናገሩ። "ሐጂ፣ ሰምተን ከምንፈርድ አይተን እንፍረድ። በጁምዓ ከሶላት በኋላ መምህሩ ያስተማረውን አባቶች ባሉበት ያሳየን። ከዲናችን የሚጋጭ ካገኘን ሳይንሱ በዚያው ዕለት ይቀራል። ካላገኘን ዘይነባ ትማራለች።"

"እሺ" አሉ ሐጂ። "የዳምቦያ ሰዎችም ጁምዓ ይመጣሉ። እዚያው መልሳቸውን ያገኛሉ።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሼህ ኑሩ በዓይናቸው ዝም በል እያሉኝ እኔ ከረባቴን አስተካክዬ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ "እዚሁ ግቢ ውስጥ በዓይናችሁ እያያችሁ ዝናብ አዘንባለሁ!" አልኩ።

ይህች ቃል ከአፌ ወጥታ የት እንዳልደረሰች ጠይቁኝ። ማክሰኞ የከተማው ሰው "ዝናብ የሚያዘንበው መምህር" ይለኝ ጀመር። ረቡዕ ሞርሲቶ ድረስ ተሰማች። ሐሙስ ጠዋት አንድ የሆመቾ ገበሬ በሬን አንኳኳ። ረጅም በትር ይዟል፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው።

"አንተ ነህ ዝናብ የምታዘንበው?" አለኝ።

"ማለት... ለትምህርት ያህል ነው።"

"ጥሩ ነው። ትምህርት ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሆመቾ በቆሎው ደርቆብናል። ከትምህርቱ ከተረፈ ወደ እኛ ላክልን።" ነገሩን ላስረዳው ብሞክር "ጁምዓ እመጣለሁ" ብሎ መርቆኝ ሄደ።

አሁን እውነተኛው ጭንቀት መጣ። ዝናብ በምን ይዘንባል? የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አንድ የተሰነጠቀ ብልቃጥና አንድ እጅ የጎደለው የሰው አጽም ብቻ ነው ያለው። ቤቴ ውስጥ ድስት ጥጄ ክዳኑ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰስኩ ሞከርኩ፤ ለአንዲት ዝንብ ፊት መታጠቢያ የማይበቃ ጠብታ ተገኘ። በዚህ ሐጂ ከድርን ላሳምን? አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስብሰለሰል ድንገት ብልጭ አለልኝ። በዚህች ከተማ ውስጥ በየቀኑ እንፋሎት አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ሰው ማን ነው? እትዬ ትርንጎ ናቸዋ!

እትዬ ትርንጎ አረቄ አውጪ ናቸው። ድፍድፉን በማሰሮ ጥደው፣ አፉን በጭቃ መርገው፣ እንፋሎቱን በመቃ ወደ ሌላ ዕቃ ይወስዱታል፤ ያኛው ዕቃ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቀዘቅዛል። መጽሐፌ ላይ ካለው ሥዕል የሚለየው ጥላሸቱ ብቻ ነው። የደስታዬ ብዛት! ሳይንስን ቤቷ ድረስ ሄጄ ያገኘኋት መሰለኝ። ዕቃውን ወዴት እንደምወስደው፣ በየትኛው ቀን እንደምወስደው፣ እነማን እንደሚጠብቁኝ ፈጽሞ ከጭንቅላቴ ወጣ።

"ለምንህ ነው ልጄ?" አሉ እትዬ ትርንጎ፣ ጁምዓ ጠዋት ስሄድ።

"ለትምህርት።"

"የት?"

"መድረሳው ውስጥ።"

እትዬ ትርንጎ ሳቁ። ቆመው ጀመሩት፣ ተቀምጠው ጨረሱት። "አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ብትቀምስ እኮ ይሻልህ ነበር፣ ለክፉ ቀን ይለማመዳል ሰው።"

"ሳይንስ ሃይማኖት የለውም እትዬ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ማሰሮዬ ግን ስም አለው። በል እንዲያው በጆንያ ሸፍነህ ውሰደው።"

"ሳይንስ አይደበቅም!" ብዬ ማሰሮውን ትከሻዬ ላይ፣ መቃውን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

የእትዬ ትርንጎን ማሰሮ በሆሳዕና የማያውቀው የለም። አፉ ሸረፍ ያለ፣ ሆዱ የጠቆረ፣ ቢታጠብም ባይታጠብም ጠረኑ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ዕቃ ነው። እኔ እየተቻኮልኩ ስለነበር ጠረኑን አላስተዋልኩም። ደንበኞቻቸው ግን አስተዋሉት። መሸታ ቤታቸው በር ላይ የነበረ አንድ ጡረተኛ ወታደር "ወዴት እየሄደ ነው?" አለ፤ እኔን ሳይሆን ማሰሮውን። ሌላው "ትርንጎ ቤት ለቀቀች እንዴ?" አለ። ተከተሉኝ። ገበያው ጋ ስደርስ ቁጥራቸው በዛ። ከዚያ ደግሞ የሆመቾው ገበሬ ከነጎረቤቶቹ፣ "ዝናቡ በዚህ ማሰሮ ውስጥ ነው" እያለ ለሰው እያሳየ ተቀላቀለ። ዞር ብዬ ሳያቸው ሳይንስ እንዲህ ሕዝብ የሚስብ መሆኑ ልቤን ነካኝ። እንባዬ ሁሉ ሊመጣ ነበር!

መስጊዱ ጋ የደረስኩት ልክ ሶላቱ አልቆ ሰዉ ጫማውን ሲፈልግ ነው። ከፊት ለፊት ሐጂ ከድር ወጡ፣ ከጎናቸው የዳምቦያ ሽማግሌዎች። እኔ ማሰሮዬን ተሸክሜ፣ ከኋላዬ ሰካራሙን ሁሉ አስከትዬ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ነፋሱ ከእኔ ወደ እነሱ ነበር የሚነፍሰው።

"ሱብሓነላህ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሐጂ ከድር አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "ሼሃችን" አሉ በቀዘቀዘ ድምፅ፣ "ልጄ በምን እንደተበላሸች ማስረጃ ስፈልግ ነበር። ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ።"

አሁን ነው የገባኝ። የት እንደቆምኩ፣ ምን እንደተሸከምኩ፣ ምን እንደምሸት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። ላስተካክል ብዬ "አረቄ እኮ የለበትም፣ ትናንት ወጥቶ አልቋል!" አልኩ። ይህችን ባልተናገርኩ። አንዱ አስተግፊሩላህ አለ፣ አንዱ ሳቀ፣ ጡረተኛው ወታደር "አልቋል?" ብሎ ከልቡ አዘነ። ዳር ከቆሙት ሴቶች መሐል ዘይነባን አየኋት፤ ዓይኖቿ በእንባ ሞልተዋል። ያን ማሰሮ ጭንቅላቴ ላይ ቢከሰክሱት ደስ ይለኝ ነበር። ለዚህች ልጅ አጥር እሆናለሁ ብዬ በሩን በርግጄ የከፈትኩት እኔው ነኝ።

ሼህ ኑሩ ወደ እኔ መጡና ማሰሮውን በአፍንጫቸው ሳይሆን በዓይናቸው መረመሩት። "ዕቃ ታጥቦ ይጠራል" አሉ ለሰዉ፣ "ይኼኛው ግን እስኪጠራ የዐስር ሶላት ይደርሳል። መምህር፣ ከደጅ አውርደው።" ጡረተኛው ወታደር ሳይለመን ማሰሮውን ተቀብሎ አቅፎት ሄደ፤ በደህና ለባለቤቱ እንዳደረሰው በኋላ ሰምቻለሁ። እኔ ባዶ እጄን ቀረሁ። "አሁን በምን ታሳየናለህ?" አሉኝ ሼህ ኑሩ።

በምን? ያኔ ከሴቶቹ መሐል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

"መምህር፣ እነዚያ ማንቆርቆሪያዎችስ?"

ዘይነባ ናት፤ በጣቷ እያመለከተች ነው። ሁላችንም ዞርን። በመስጊዱ አጥር ሥር ከሶላት በፊት የሚታጠቡባቸው የውዱእ ማንቆርቆሪያዎች ተደርድረዋል። ሆዳቸው ሰፊ፣ ክዳን ያላቸው፣ አፍንጫቸው ቀጥ ብሎ የወጣ። እንፋሎት ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ምን ይሠራል? ለወራት በየቀኑ በአጠገባቸው አልፌአለሁ። አንዳንዴም አደናቅፈውኛል።

"ንጹሕ ዕቃ ነው" አሉ ሼህ ኑሩ። "ይምጣ። የምትሠራው ግን ዘይነባ ናት። መምህሩ አርፎ ይቀመጥ።"

ሐጂ ከድር ነጋዴ ናቸውና ዕቃውን በደንብ ሳይመረምሩ አይፈርዱም። "እንግዲያው ውኃውን የምቀዳው እኔ ነኝ" አሉ። ሄደው ከመንገዱ ኩሬ ቡና የመሰለ ጭቃ ውኃ ቀድተው መጡ። ያም አልበቃቸውም፤ ሱቃቸው ሰው ልከው ጨው አስመጡና በእፍኛቸው ጨምረው አማሰሉት። "ወደ ላይ ይወጣል ካላችሁ ጨውም ጭቃውም አብሮ ይውጣ። ቀምሼ ጨው ካገኘሁበት ነገሩ አለቀ።" የዳምቦያ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዘይነባ ማንቆርቆሪያውን በሦስት ጉልቻ ላይ ጣደች። ክዳኑን በሊጥ መረገች። ከአጥሩ ሸምበቆ ተቆርጦ አፍንጫው ላይ ተሰካ፣ በሌላው ጫፍ ብርጭቆ ተቀመጠ። እኔ የተቀመጥኩት እጄን ጉልበቴ መሐል አድርጌ ነው፤ አንዳች ነገር እንዳልነካ ሼህ ኑሩ አጠገቤ ቆመዋል። እንጨቱ እርጥብ ነበርና ጭስ ብቻ ሆነ። ልጅቷ እፍ ብትል አልሆን አለ። ሐጂ ከድር ጥቂት ጊዜ ቆመው አዩና ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እንዲህ አይደለም እሳት የሚነደው!" ብለው ተንበረከኩና እፍ ይሉ ጀመር። ያ ሁሉ ቁመት መሬት ላይ ተጣጥፎ እፍ ሲል እሳቱ ቦግ አለ። ማንቆርቆሪያው ዘፈነ። ከሸምበቆው ጫፍ ግን እንፋሎት ብቻ ወጣ፤ ጠብታ የለም።

"ሸምበቆው ሞቋል፣ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል አለበት" አለች ዘይነባ። ሰው ጨርቅ ፍለጋ ዙሪያውን ተያየ። ሐጂ ከድር ከእሳቱ ቀና ሳይሉ በአንድ እጃቸው ጥምጥማቸውን ፈትተው ሰጧት። ያ ከሩቅ የሚታይ ነጭ ጥምጥም ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ሸምበቆው ላይ ተጠመጠመ። እሳቸው ነገሩን ያስተዋሉ አይመስለኝም፤ ጭስ ያስለቀሰው ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ ነበር።

ጠብ አለ።

እንደገና ጠብ አለ። ከዚያ ተከታተለ። የሆመቾው ገበሬ "ዘነበ!" ብሎ ጮኸ። ጡረተኛው ወታደር ማሰሮውን አድርሶ ተመልሶ ኖሮ፣ ጣቱን ሰዶ አንዷን ጠብታ ቀመሰና "ውኃ ነው! ይኼ ሁሉ ድካም ለውኃ?" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ጓደኞቹን ይዞ ሄደ። እኔ ብድግ ልል ስል ሼህ ኑሩ በእርጋታ እግሬን ረገጡኝ፤ ቁጭ አልኩ።

ሐጂ ከድር ተነሡ። ጉልበታቸው ጭቃ ነው፣ ራሳቸው ባዶ ነው፣ ፊታቸው ጥላሸት ነው። ድምፃቸው ግን የቀድሞው ነው።

"ልጄ፣ ዋናውን ልጠይቅሽ። ዝናብን የሚያዘንበው ማን ነው?"

ጥያቄው ወጥመድ መሆኑን እኔም አውቄአለሁ። "እኔ ልመልስ" ብዬ አፌን ስከፍት እግሬ ዳግመኛ ተረገጠ፤ አሁንስ አጥብቀው ነው።

ዘይነባ ብርጭቆውን አነሣች። አንድ ሦስት ጉንጭ ያህል ብትይዝ ነው።

"አባ፣ ይቺን ታህል ለማውጣት ይኼ ሁሉ እንጨት ነደደ። እርስዎ እፍ አሉ፣ ጥምጥምዎ ራሰ፣ መምህሩም ተዋረዱልኝ። ሐይቁን ያለ እንጨት አትንኖ፣ ደመናውን ያለ ሸምበቆ ነድቶ፣ ለሆመቾም ለዳምቦያም የሚያዘንበው ማን እንደሆነ መምህሩ አላስተማሩኝም። እሱን ያስተማሩኝ እርስዎና ሼሃችን ናችሁ። መምህሩ ያስተማሩኝ እንዴት እንደሚያዘንበው ነው። እንዴት እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ አልሐምዱሊላህ የምለው ከበፊቱ የበለጠ ነው።"

"ማሻአላህ!" አለ አንድ ድምፅ፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ "ማሻአላህ!" አለ። ሼህ ኑሩን አየኋቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቃቸውን ጢማቸው መደበቅ አቃተው። እኔ? እኔ አለቀስኩ። ጭሱ ነው ብዬ ነበር፣ ግን ጭሱ በሌላ በኩል ነበር የሚሄደው።

ሐጂ ከድር ብርጭቆውን ተቀበሉ፣ ወደ ብርሃን አነሡት። ጭቃ የለውም። "ቢስሚላህ" ብለው ቀመሱ። አፋቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አደረጉት። ዋጡት። እንደገና ቀመሱ። ዕድሜ ልካቸውን ጨው የሸጡ ሰው ናቸው፤ ጨውን የሚያውቅ ምላስ በከተማዋ ካለ የእሳቸው ነው።

"ጨው የለውም" አሉ። የተናደዱ ሳይሆን የተገረሙ ሰው ድምፅ ነበር። ወደ ማንቆርቆሪያው ጎንበስ ብለው አዩ። "እኔ በእጄ ነው የጨመርኩት። ውኃው ሲወጣ ጨው ለምንድን ነው የቀረው?"

ዘይነባ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ዳምቦያ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ወደ አባቷ።

"እሱ አባ፣ የሚመጣው ዓመት ትምህርት ነው። ገና አልደረስንበትም።"

"እንዴት አልደረስንበትም?" ብዬ ልነሣ ስል ሼህ ኑሩ እግሬ ላይ ቆሙበት።

ሐጂ ከድር የራሰውን ጥምጥማቸውን ከሸምበቆው ላይ ፈቱ፣ ጨመቁ፣ እንዲሁ እርጥቡን ጠመጠሙት። ውኃው በግንባራቸው ላይ እየወረደ ወደ ዳምቦያ ሽማግሌዎች ዞሩ።

"ሰማችሁ አይደል? ገና አልደረሱበትም። እኔ ሠላሳ ዓመት የሸጥኩት ነገር እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ልጄን አልድርም። መንገዳችሁን አላህ ያቃናው።"

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የሆመቾው ገበሬ ለአንድ የበቆሎ እርሻ ስንት ማንቆርቆሪያ እንደሚበቃ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት፤ እንዲህ ብዬ ለሰው ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ደስም አለኝ። ሰኞ መጽሐፌን ከፈትኩና የጨውን ነገር፣ የተማርነውን ሁሉ፣ ወደሚመጣው ዓመት ትምህርት አዛወርኩት፤ ልጅቷ ውሸታም ልትሆንብኝ ነው እንዴ! በዓመቱ ሐጂ ከድር የጨውን መልስ ከልጃቸው ሰምተው ሲረኩ፣ ዘይነባ በዚያው ትንፋሽ "ስኳርስ አባ?" አለቻቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌላ ተገኘ። እንዲህ አንድ አንድ ጥያቄ እያሳደርንባቸው ሚኒስትሪዋን ተፈትና አለፈች። ውጤቱ የተሰማ ዕለት ሐጂ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው መድረሳው ድረስ መጡና እጄን ጨብጠው፣ ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ ብለው፣ "መምህር፣ ከዚህ በላይ ያለውስ ትምህርት ስንት ዓመት ነው? ገና ያልገባኝ ብዙ አለ" አሉኝ።